የፕሮፌሰሩ ክምሮችና የወይዘሮ ኬስለር ወንበር

ሮዝቪታ ኬስለር እንግዳ ይመጣል ከተባለ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። በጀርመን አገር በኔካር ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች የዩኒቨርሲቲ ከተማ የጋራ ደረጃ በየሳምንቱ በተራ ይጠረጋል፤ ተረኛው ማን እንደሆነ እንዲታወቅም ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ በሩ ላይ ይንጠለጠልበታል። ሌላው ተረኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እያዛጋ መጥረጊያውን ሲያነሳ፣ እሷ ሐሙስ ጠርጋ፣ ቅዳሜ ደግማ፣ የጎረቤቶቿን የደብዳቤ ሣጥን ሳይቀር ወልውላ ሰሌዳውን ታስረክባለች። ባሏ ኦይገን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። «አንቺ ገነት ስትገቢ ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፉን ትቶ መጥረጊያውን ነው የሚደብቀው» እያለ ያሾፍባታል። እሷም አትቀየምም፤ እንዲያውም በሆዷ ደስ ይላታል።

አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እሷ ግን ሊጥ አልወደደችም፤ እጅ ላይ ይጣበቃላ! በአሥራ ሰባት ዓመቷ አጭር ጽሕፈት ተማረች። ሰው በሚናገርበት ፍጥነት፣ አንድ ቃል ሳያመልጥ፣ በጭረትና በነጥብ የሚቀዳበት ሙያ ነው። መምህሯ ቆፍጣና ሴት ነበሩ። «እየሰማሽ አትምረጪ፤ ሁሉንም ጻፊ። የሚጣል ነገር ካለ ታይፕ ላይ ስትቀመጪ ትጥዪዋለሽ» ይሏት ነበር። ሮዝቪታ ይህን ትእዛዝ እንደ ጸሎት ያዘችው። በአውራጃው ውድድር አንደኛ ወጥታ የተሸለመችው የግድግዳ ሰዓት እስከ ዛሬ ሳሎኗ ውስጥ ይቆጥራል። አንድም ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ አያውቅም፤ ቢቀር ማን ሊለቀው!

በአገሩ አቆጣጠር በ1966 በዩኒቨርሲቲው የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ክፍል ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። አለቃዋ ፕሮፌሰር አንስጋር ቮልመር ነበሩ። አንዱ እግራቸው ላይ ጥቁር፣ ሌላው ላይ ቡናማ ካልሲ የሚያደርጉ፣ ተማሪ ፊት ሲቆሙ ግን አዳራሹን በሳቅ የሚያናውጡ ሰው። ቢሮ ውስጥ ማሰብ አይሆንላቸውም ነበር። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤታቸው ትሄዳለች። እሳቸው በወረቀት ክምሮች መካከል እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ጡረታ ስትወጣ ቢሮው ቀረ እንጂ ዓርብ አልቀረም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ ዓመት እሷ «ፕሮፌሰር» ትላቸዋለች፣ እሳቸው «ወይዘሮ ኬስለር» ይሏታል፤ ከሁለቱም አፍ ከ«እርስዎ» ሌላ ወጥቶ አያውቅም። እዚያ አገር አንተ ለመባባል ታላቁ ታናሹን በወግ መጠየቅ አለበት። ጠያቂ ከጠፋ እስከ መቃብር «እርስዎ» እንደተባባሉ መኖር ነው።

ፕሮፌሰሩ በዚያ ሁሉ ዘመን የሚጽፉት አንድ መጽሐፍ ነበር። በጀርመን ልብ ወለዶች ውስጥ ስለሚዘገይ ደብዳቤ ነው የሚናገረው፦ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ስለሚደርስ የፍቅር ቃል፣ ሰውየው ከተሰቀለ በኋላ ስለሚመጣ የምሕረት ወረቀት። ባልደረቦቻቸው «ከደብዳቤው ይልቅ መጽሐፉ ዘገየ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እውነትም ዘገየ። በ1997 የካቲት ላይ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ አንድ ጠዋት ጋዜጣ እያነበቡ ሲሞቱ አላለቀም ነበር።

ሮዝቪታ ከልቧ አለቀሰች። ለቀብሩ የኦይገንን ጫማ ሁለት ጊዜ ወለወለችው። በሚቀጥለው ዓርብ ሳታስበው ካፖርቷን ለብሳ፣ ደብተሯን ይዛ ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ነው የምትሄድበት ሰው እንደሌለ ትዝ ያላት።

መጋቢት ላይ የፕሮፌሰሩ የእህት ልጅ ከሀምቡርግ ደወለች። ወረቀቶቹ ከወንዙ ታች ላለ የሥነ ጽሑፍ ቤተ መዛግብት በኑዛዜ ተሰጥተዋል፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ አንዲት ባለሙያ መጥታ ታያቸዋለች፣ ቤቱ ደግሞ መስከረም መጨረሻ ላይ ለገዢው ይለቀቃል አለቻት። «እርስዎ በሩን ብቻ ይክፈቱላት፤ ሌላ አላስቸግርዎትም» ብላ ዘጋች። ቁልፉም በፖስታ መጣ።

ሮዝቪታ ቤቱን ላናፍስ ብላ ሄደች። የሥራ ክፍሉን በር ስትከፍት ክው አለች። ክምሮቹን ሠላሳ አንድ ዓመት አይታቸዋለች፤ ነገር ግን ባለቤታቸው በመካከላቸው እየተንጎራደዱ ሳሉ ክምር ሳይሆን ፕሮፌሰሩ ናቸው የሚታዩት። አሁን የቀረው አቧራ፣ የዛገ አግራፍ፣ ከዳቦ መጠቅለያ ላይ የተቀደደ ማስታወሻ ነው። ከምድጃው አጠገብ ክምር፣ ከፒያኖው ሥር ክምር፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ክምር። በር ሥር ያለው ወንበር፣ እሷ ዓርብ ዓርብ የምትቀመጥበት፣ እሱም ክምር ተሸክሟል። ባኞ ቤቱን ብትከፍት ደግሞ ጉድ ፈላ! የመታጠቢያው ገንዳ እስከ አፉ ወረቀት ሞልቷል።

ቤቷ ተመልሳ፣ «ቁልፍ አዙሪ ነው የተባልሽው» አላት ኦይገን፣ ፊቷን አይቶ የመጣውን ነገር አውቆ።

«ሰው እንዲህ ያለ ቤት ይግባ? ስለሳቸው ምን ይባላል? ስለኔስ? ‹ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበረቻቸው አሉ፤ ጉድ እኮ ነው› አይሉም?»

«ይበሉዋ! ሰውየው አይሰሙ።»

«እኔ እሰማለሁ። ተነስና መሰላሉን አምጣ!»

ሰባት ሳምንት ሠራች። እያንዳንዱን ወረቀት በለስላሳ ብሩሽ አራገፈች። የተጨማደደውን ለብ ባለ ካውያ ተኮሰች፤ የዛጉትን አግራፎች ነቅላ በማሰሮ ሰበሰበች። ከዚያም ሁሉን በፊደል ተራ ደረደረችው፦ በደራሲ ስም፣ በአገር ስም፣ በሰው ስም። ዘጠና ስድስት ቦክስ ፋይል ሞላች፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በታይፕ የተጻፈ መለያ ለጠፈች። አንዲት ብጣሽ አልጣለችም። የሰው ደብዳቤም አላነበበችም። ስም ያልተጻፈበት፣ የታሸገ ፖስታ ስታገኝ እንኳ ወደ ብርሃን ሳታነሳው «ተቀባዩ ያልታወቀ» በሚለው ፋይል ውስጥ ከተተችው። በመጨረሻ ወለሉን በሰም ወለወለች፤ ገንዳውንም አጥባ አበባ አስቀመጠችበት። ኦይገን በር ላይ ቆሞ ሲያይ፣ «እኔ ልግባ ወይስ ጫማዬን አውልቄ ከውጭ ልሳለም?» አላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በቀጠሮው ቀን ከቤተ መዛግብቱ የመጣችው ዶክተር ማሪት ሊንድሰን የምትባል፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ እንደ ሰሜን ሰዎች ቁጥብ የሆነች ሴት ነበረች። ካሜራና አንድ ቦርሳ ሙሉ እርሳስ ይዛለች። በሚያብለጨልጨው ወለል መካከል ቆማ ግራና ቀኝ አየች። ሮዝቪታ ምስጋናውን ለመቀበል እጆቿን ሽርጧ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

«ክምሮቹስ?» አለች ማሪት።

«የቱ ክምር?» አለች ሮዝቪታ እየሳቀች። «አይስጉ፤ ሁሉም በየፋይሉ ገብቷል። በፊደል ተራ ነው።»

ማሪት ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ከዚያም ራሷም ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ወይዘሮ ኬስለር፣ ፕሮፌሰር ቮልመር ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ጽፈውልን ነበር። ‹መጽሐፌ ወለሉ ላይ ነው› ይላሉ። እያንዳንዱ ክምር አንድ ምዕራፍ ነው። ከላይ እስከ ታች የተደረደሩበት ተራ ደግሞ የሐሳቡ ተራ ነው። ለዚህ ነው ኑዛዜው ‹እንዳለ ይወሰድ› የሚለው።»

«እንዳለ...» አለች ሮዝቪታ።

«በእኛ ሙያ መጀመሪያ የምንማረው እሱን ነው። ባለቤቱ ያስቀመጠውን ወረቀት ከቦታው አናነሳም። አቧራውን እንኳ ፎቶ ካነሳን በኋላ ነው የምንነካው።» አንዱን ፋይል ከፍታ ገለጠች። በየብጣሹ ላይ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ የገጽ ቁጥር ግን የለም። «ሥራው በጣም ንጹሕ ነው፤ እንዲህ ያለ አይቼም አላውቅ። አሁን ዘጠና ስድስት ፋይል ወረቀት አለን። መጽሐፉ ግን የለም።»

አልጮኸችም፤ አልወቀሰችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ሮዝቪታ ሠላሳ አንድ ዓመት የተደከመበትን መጽሐፍ በሰባት ሳምንት በገዛ መጥረጊያዋ ጠርጋ እንደጣለችው ገባት። እሷ ለሰውየው ክብር ብላ!

በዚያ ሳምንት የደረጃ ጥረጋው ሰሌዳ በርዋ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሐሙስ አልጠረገችም። ዓርብም አልጠረገችም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኦይገን ፈራና ራሱ መጥረጊያ አነሳ። ከታች ያሉት ጎረቤት «ወይዘሮ ኬስለር አመማቸው እንዴ?» ብለው ሐኪም ሊጠሩ ሲሉ ነው የከለከላቸው።

«ተነሺ እንጂ ምስር ብዪ» አላት ተመልሶ። የምስር ወጡን ቤት ከተሠራ ፓስታና ከቋሊማ ጋር ራሱ ሠርቶት ስለነበር ምስሩ ጥርስ ይሰብራል።

«አልበላም። አበላሸሁባቸው፣ ኦይገን። ሰው ቤት ገብቼ የሰው ልብ ነው የጠረግኩት።»

«እኔ ደግሞ የሚገርመኝ» አለ ኦይገን እያላመጠ፣ «ያ ሁሉ ሰው ወረቀት ለመጠበቅ ደሞዝ ይበላል፤ አንቺ በነጻ ምድር ቤቴን በወረቀት ሞልተሽ ለፖም ጠጄ በርሜል ማስቀመጫ አሳጣሽኝ፣ ማንም ‹ተባረኪ› አላለሽም።»

«የምን ወረቀት?»

«ደብተሮችሽ ናቸዋ! ከማርማላታው መደርደሪያ ጀርባ ያሉት። የዓርብ ደብተሮች።»

ሮዝቪታ ቀና አለች። ከዚያም ምስሩንም ኦይገንንም ትታ በነጠላ ጫማ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ሦስት መቶ አርባ ደብተር ነበር። በቀን ተራ የተደረደረ፣ እያንዳንዱ በናይሎን የተሸፈነ። የመጀመሪያውን ገለጠች። ልጅነቷ፣ ጭረቷ፣ የመምህሯ ትእዛዝ፣ ሁሉም አለ። እየሰማች አልመረጠችማ! ፕሮፌሰሩ ስለ ደብዳቤ የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ጽፋዋለች፦ «ያቺን ከፒያኖው ሥር፣ ከላይ አራተኛዋን፣ የዳቦ ወረቀቷን ላንሳ... አዎ፣ ‹ሙሽራይቱ ደብዳቤውን ሳታነበው አቃጠለችው›። መልሼ እዚያው። ወይዘሮ ኬስለር፣ መስኮቱን ይክፈቱልኝ። ይህ የጎረቤት ውሻ ዛሬ ምን ሆኗል?» ታይፕ ስታደርግ ውሻውንም ፒያኖውንም ትጥለዋለች። ደብተሩ ግን አልጣለውም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ደወለች። «ወይዘሮ ሊንድሰን፣ ወረቀት አንሺ ያለኝ የለም፤ አነሳሁ። አሁን ወደየክምሩ ልመልሰው ነው። ጠመኔ ይዘው ይምጡ!»

በጋው እንዲያ አለፈ። ኦይገን ደብተሮቹን እንደ ጥንቱ በፖስታ ጋሪ እየገፋ ኮረብታውን ይወጣል። «ጡረተኛን በጉልበት ሥራ!» እያለ ያማርራል፤ ግን አንድ ቀን አልቀረም። ማሪት ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ታደርጋለች፤ ሮዝቪታ ደብተሩን እያነበበች «ከምድጃው አጠገብ፣ ከታች ሁለተኛ» ስትል ማሪት ወረቀቱን ከፋይሉ ፈልጋ ታስቀምጣለች። እዚህ ላይ የፊደል ተራው ረዳቸው። ፕሮፌሰሩ የትኛውን ደራሲ እንዳነሱ ደብተሩ ይናገራል፣ ደራሲውን ደግሞ ፋይሉ ወዲያው ያወጣዋል። ይህን ማሪት ናት መጀመሪያ የተናገረችው፤ ሮዝቪታም ያን ቀን ምሳዋን ደህና አድርጋ በላች።

ጭረቶቹን ከሮዝቪታ ሌላ የሚያነብ አልነበረም። ማሪት አንዴ ለመሞከር ብላ አንድ ገጽ ላይ ሩብ ሰዓት አፈጠጠችና፣ «ይህቺ ‹ሞት› ነች?» አለች።

«እሷ ‹ኬክ› ናት» አለች ሮዝቪታ። «የፕለም ኬክ ይዤ የሄድኩ ቀን ነው። አንድ ምዕራፍ ሙሉ አፋቸው ሞልቶ ነው የተናገሩት፤ ስስቅ ነው ጭረቴ የተንቀጠቀጠው።»

ገንዳው ውስጥ የነበሩት የግርጌ ማስታወሻዎች ሆነው ተገኙ። «ሰው የማያነበውን ነገር ሰው የማያይበት ቦታ» ብለው ነበር በ1983፤ ጽፋዋለች። ክምሮቹም ዝም ብለው የተበተኑ አልነበሩም። ከምድጃው ተነስተው ክፍሉን እየዞሩ፣ ፒያኖውን አልፈው፣ በመስኮቱ በኩል እስከ በሩ ይሄዳሉ፤ ፕሮፌሰሩ ሲንጎራደዱ በሚዞሩበት አቅጣጫ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሥራ ሦስት ክምር ተመልሶ ቆመ። ሮዝቪታ በመካከላቸው ስታልፍ ዛሬም ዓርብ ይመስላታል። ደስታዋን አልደበቀችም፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ «እንደምን ዋሉ ፕሮፌሰር!» አለች።

የቀረው አሥራ አራተኛው ነው። በር ሥር ያለው ወንበር።

የዚያ ወንበር ነገር ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ዓርብ የሚጀምረው በሱ ነው። ሮዝቪታ ትመጣለች፣ በሩ ላይ ትቆማለች። ፕሮፌሰሩ «ለወይዘሮ ኬስለር ቦታ!» ብለው ክምሩን ከወንበሩ አንስተው የፒያኖው ክዳን ላይ ያሳርፋሉ። ስትሄድ መልሰው ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል። የመጨረሻው ምዕራፍ ያ ነበር። ደብተሩን እየገለጠች ታነብ ጀመር።

«‹ለወይዘሮ ኬስለር ቦታ! ይህ መጨረሻው ነው፣ ገና ነው።› እሺ። የሚቀጥለው ዓርብ። ‹ለወይዘሮ ኬስለር ቦታ! ይህ መጨረሻው ነው፤ ፖስታው እንዳይወድቅ።› የሚቀጥለው። ‹ፖስታው እንዳይወድቅ።› የሚቀጥለው...»

«ይቆዩ» አለች ማሪት። «የምን ፖስታ?»

ሮዝቪታ ወደፊት ገለጠች። 1980። 1985። 1992። በየዓርቡ አለ። «ግራጫው ፖስታ እንዳይወድቅ።» አንዳንድ ጊዜ ደግሞ፦ «ምነው ወይዘሮ ኬስለር፣ አንድ ቀን እንኳ እርስዎ አያነሱትም?» የሷ መልስም ከሥሩ ተጽፏል፦ «የሰው ወረቀት አልነካም!» ሁሉንም ጻፊ ተብላለችና የራሷንም አልዘለለችም።

«ሰባት መቶ ጊዜ ሳልጽፈው አልቀረሁም» አለች። «እጄ ሰማ፤ እኔ አልሰማሁም።»

ማሪት ተነስታ ‹ተቀባዩ ያልታወቀ› የሚለውን ፋይል አመጣች። ግራጫ ፖስታ በውስጡ አንድ ብቻ ነው ያለው። የታሸገ። ስም የለውም። ከቀሩት የምዕራፉ ወረቀቶች በላይ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ኋላ አለች።

«ይክፈቱት እንጂ፤ ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት» አለች ሮዝቪታ።

«አልችልም። የታሸገ ደብዳቤ ተቀባዩ በሕይወት ካለ የሚከፍተው ራሱ ነው። ደንባችን ነው።»

«ተቀባዩማ አይታወቅም። ስም የለውም።»

«ፋይል ውስጥ እያለ አይታወቅም ነበር» አለች ማሪት ለስለስ ባለ ድምፅ። «አሁን የት ነው ያለው? የማን ወንበር ላይ?»

ሮዝቪታ ልማዷ ሆኖ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ ሰው መጥቶ እስኪያነሳላት። የሚመጣ የለም። ተራመደችና በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትቀመጥ ብላ ክምሩን በገዛ እጇ አንስታ ፒያኖው ላይ አስቀመጠችው። ተቀመጠች። ፖስታውን ከፈተች።

«ጥቅምት 1979

የተከበሩ ወይዘሮ ኬስለር፣

ባለፈው ዓርብ ደብዳቤዎች የሚዘገዩት በዕጣ ፈንታ ነው፣ በመንገድ ነው፣ በፖስተኛ ነው እያልኩ ሳስጽፍዎ እርሳስዎን አስቀመጡ። ‹ፖስተኛውን ለምን ይወቅሳሉ? የኔ ባል በበረዶም በጎርፍም አድርሷል። ደብዳቤ የሚዘገየው የጻፈው ሰው ፈርቶ ኪሱ ውስጥ ስለሚያቆየው ነው› አሉኝ። ከዚያም እርሳስዎን አንስተው ይህንኑ ጻፉት። አሥራ ሦስት ዓመት የፈለግኩትን ነገር እርስዎ ተቆጥተው ነገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ ክምሮቹን እንደገና ደረደርኩ። መጽሐፉ አሁን የቆመው በእርስዎ ቃል ላይ ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ስምዎ ከስሜ ጋር እንዲሆን እለምናለሁ።

ሁለተኛው ልመናዬ፦ እኔ በዕድሜ ታላቅ ስለሆንኩ ጠያቂው እኔ መሆን አለብኝ። አንስጋር ይበሉኝ። አንተ ይበሉኝ። በአፌ ልጠይቅዎ ሦስት ዓርብ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ወንበርዎ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንስተው ‹ይህ ምንድን ነው?› እስኪሉኝ እጠብቃለሁ።

አንስጋር ቮልመር»

ሮዝቪታ አንድ ጊዜ አነበበችው፤ እንደገና አነበበችው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ማሪት አለቀሰች ብላ መሐረብ ስትፈልግ ከት ከት ብላ ሳቀች። እንባዋ በጉንጮቿ ላይ እየወረደ፣ እየሳቀች፣ ወደ ምድጃው፣ ወደ ፒያኖው፣ ወደ ባዶው ክፍል ጣቷን ቀሰረች።

«አንተ ጅል!» አለች። «አንተ የተማርክ ጅል! አሥራ ስምንት ዓመት ስለ ፈሪ ሰው ደብዳቤ እያስጻፍከኝ!» ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔስ? እኔ ደግሞ ቆሜ መጠበቄ! አንድ ቀን እንኳ ባነሳው ምን ነበረበት? ናፈቅከኝ እኮ፣ አንስጋር።»

በዚያው መካከል ኦይገን ባዶውን ጋሪ እያንኳኳ፣ በብብቱ አንድ ጠርሙስ የፖም ጠጅ ይዞ ገባ። «ደግሞ ማን ሞተ?» አለ እንባዋን አይቶ።

ደብዳቤውን ሰጠችው። መነጽሩን አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ሁለተኛው ልመና ላይ ሲደርስ ይቀና እንደሆን ማሪት በጎን አየችው። ኦይገን ግን ተመልሶ ከላይ ያለው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ደረቱን ነፋ አደረገ።

«‹በበረዶም በጎርፍም አድርሷል።› ይቺ ትታተማለች?»

«ትታተማለች፤ የመጽሐፉ መሠረት እሷ ናት» አለች ማሪት።

«እንግዲያው በደማቁ ትጻፍ! አለቃዬ በሕይወት አለ፤ አንድ ቅጂ እልክለታለሁ። ራሴ ነኝ የማደርሰው።» ጠርሙሱን መክፈት ጀመረ። «የሚያሳዝነው ግን እኔ በየቀኑ በደጃቸው አልፍ ነበር። ይህን ለኔ ቢሰጡኝ በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እጅሽ ይገባ ነበር።»

ማሪት እርሳሷን አወጣች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስብስቡ መዝገብ ላይ ስም ያስፈልገዋል። ደብተሮችዎም አብረው ቢገቡ ደስ ይለናል፤ ያለነሱ ክምሮቹን የሚያነብ የለም። የቮልመርና የኬስለር ወረቀቶች ብለው?»

ሮዝቪታ ዓይኗን ጠረገች። ቀና ብላ ተቀመጠች። «በፊደል ተራ ይሁን» አለች። «በጀርመን ፊደል ኬስለር ከቮልመር ይቀድማል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜአለሁ።» ትንሽ አሰበችና፣ «ደብተሮቹን ግን ከማስረከቤ በፊት አንዴ ላጽዳቸው።»

«እንዳይነኳቸው!» አለች ማሪት፤ ያቺ ቁጥብ ሴት ጮኸች። ሦስቱም ሳቁ።

ኦይገን ብርጭቆ ስላላገኘ የፖም ጠጁን በፕሮፌሰሩ የጥርስ ብሩሽ ስኒና በሁለት ትንንሽ የቅቅል እንቁላል ማስቀመጫ ኩባያ ቀዳ። ማሪት የእንቁላል ማስቀመጫዋን አንስታ፣ «በጤናዎ፣ ወይዘሮ ኬስለር» አለች።

«ይቆዩ፣ ሳይጠጡ» አለች ሮዝቪታ። ተነስታ ማሪት እስከቆመችበት የጠመኔ ክብ ድረስ ሄደች፤ እዚያ አገር አንተ ሊባባሉ የሚጠጡ ሰዎች በወጉ እንደሚያደርጉት ክንዷን በማሪት ክንድ ውስጥ አሳልፋ አያያዘችው። «በዕድሜ ታላቋ እኔ ነኝ፤ ጠያቂዋም እኔ ነኝ። የተዋወቅነው ገና አራት ወሩ ነው፤ ቢሆንም አልቆይም። ስሜ ሮዝቪታ ነው። አንቺ በዪኝ።»